ሐሳቡ የሌላ፣ ኃላፊነቱ የራሳቸው፦ የሮቤር ሹማን ሕይወት

ከምእመናኖቻችን መካከል የንግድ ድርጅትን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበርን ወይም ፋብሪካን የሚመሩ ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ወገኖች ስለ አመራር ለመማር ሲሹ የሚያነቡት አብዛኛውን ጊዜ የታላላቅ ባለሀብቶችን ታሪክ ነው። እኛ ግን የመንግሥት አገልጋይና ዲፕሎማት የነበሩትን የፈረንሳዩን ሮቤር ሹማንን ሕይወት እናቀርብላቸዋለን። ዘመናቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሹማን ጁን 29 ቀን 1886 በሉክሰምበርግ ተወለዱ። የአባታቸው አገር ሎሬን በ1871 ከፈረንሳይ ተወስዶ ለጀርመን ስለ ተሰጠ፣ ልጅየው የጀርመን ዜጋ ሆነው አደጉ፤ በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎችም ሕግ ተማሩ። በ1912 በሜስ ከተማ ጥብቅና ጀመሩ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሎሬን ወደ ፈረንሳይ ስትመለስ በ1919 የፈረንሳይ ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ። የሁለቱንም ሕዝቦች ቋንቋና ቁስል ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁ ነበር።

ሕይወታቸው ነቀፋ የሌለበት አልነበረም። በጁላይ 1940 ለማርሻል ፔታን ሙሉ ሥልጣን እንዲሰጥ ድምፃቸውን ከሰጡት መካከል አንዱ ነበሩ፤ ይህም ከጦርነቱ በኋላ ለጊዜው ከምርጫ እንዲታገዱ አድርጓቸዋል። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በጌስታፖ ተይዘው ታሰሩ። በኋላም በጀርመን አገር በቁጥጥር ሥር ሳሉ በኦገስት 1942 አምልጠው እስከ ነፃነት ቀን ድረስ ተሸሽገው ኖሩ።

በ1948 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆኑ ከባዱ ጥያቄ የጀርመን ጉዳይ ነበር። የድንጋይ ከሰልና ብረት የጦር መሣሪያ መሠረት ስለሆኑ፣ የጀርመን ኢንዱስትሪ እንደገና ማደጉ ፈረንሳዮችን ያስፈራ ነበር፤ አሜሪካና እንግሊዝ ደግሞ መፍትሔ እንዲያቀርቡ ይጠብቁባቸው ነበር። በሜይ 1950 በለንደን የሚደረገው ስብሰባ ሲቃረብ ሹማን በእጃቸው የረባ ሐሳብ አልነበራቸውም።

ሐሳቡን ያመጣው ዣን ሞኔ ነው። ሞኔ የኮኛክ ነጋዴ ልጅ ሲሆን፣ በወጣትነቱ የቤተሰቡን ምርት በውጭ አገር ሲሸጥ የኖረና በዚያን ጊዜ የፈረንሳይን የኢኮኖሚ ዕቅድ የሚመራ ሰው ነበር። የሁለቱ አገሮች ከሰልና ብረት በአንድ የጋራ ባለሥልጣን ሥር እንዲሆን የሚጠይቀውን ጽሑፍ፣ የሚኒስትሩ የቅርብ ረዳት በርናር ክላፒዬ በኤፕሪል መጨረሻ፣ ዓርብ ቀን፣ ሹማን ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ባቡር ላይ ሳሉ ሰጣቸው። ሹማን ቅዳሜና እሑድን ሲያነቡትና ሲያስቡበት ቆይተው ሰኞ ሲመለሱ እንደሚቀበሉት አስታወቁ። ዕቅዱ ባይሳካ ወቀሳው በሞኔ ሳይሆን በእሳቸው ላይ እንደሚወርድ እያወቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ለሥራ አስኪያጆች በተለይ የሚጠቅም ይመስለናል። ሜይ 9 ቀን ጠዋት ለጀርመኑ መራሔ መንግሥት ለኮንራድ አደናወር በመልእክተኛ ደብዳቤ አደረሱ። የአደናወር ፈቃድ እስኪደርስ ድረስ ጉዳዩን ለፈረንሳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አላቀረቡም። ፈቃዱ ሲመጣ አቅርበው አጸደቁ፤ በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይም ለጋዜጠኞች አነበቡ። የፋብሪካ ባለቤቶች አስቀድመው አልተጠየቁም፤ በዚህም ብዙዎቹ አጉረመረሙ። ምስጢር መያዝ ሁልጊዜ የሚመሰገን አይደለም፤ እዚህ ግን ዕቅዱ ገና ሳይወለድ እንዳይገነጣጠል የተደረገ ጥንቃቄ ነበር።

እንግሊዝ አልገባችም። ስድስት አገሮች፣ ማለትም ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ኢጣሊያ፣ ቤልጅግ፣ ሆላንድና ሉክሰምበርግ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 1951 በፓሪስ ውሉን ፈረሙ። በውሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ነገር አለ፦ ገበያው ሲከፈት ሥራቸውን ለሚያጡ የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች ለአዲስ ሙያ ሥልጠናና ለመቋቋሚያ የሚሆን ገንዘብ ተመድቦ ነበር። የትርፍና ኪሳራ ሒሳብ ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አይጽፍም።

በ1952 የአዲሱ ባለሥልጣን የመጀመሪያ ሊቀ መንበር የሆነው ሞኔ ነው። ሹማን በጃንዋሪ 1953 ከሚኒስትርነት ወረዱ። ከ1958 እስከ 1960 የአውሮፓን የምክር ቤት ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መሩ። ሳያገቡ በቀላል ኑሮ የኖሩት ሹማን ሴፕቴምበር 4 ቀን 1963 በሜስ አጠገብ በሲ ሻዜል መንደር ዐረፉ። በጁን 2021 ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ የክርስቲያናዊ ምግባራቸውን ጀግንነት የሚያውጀውን ድንጋጌ አጸደቁ። መቃብራቸው ከመኖሪያ ቤታቸው ፊት ለፊት ባለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይገኛል።