ዶክተር ሲድኒ ሪንገርና የልብ ጨዎች

ከበቾ ቦሬም ሆነ ከአጋሮ ተነሥቶ፣ ተቅማጥና ትውከት አድክሞት ጅማ ላይ ሆስፒታል ለሚተኛ ሕመምተኛ በደም ሥር ከሚሰጡት ፈሳሾች አንዱ ሪንገር ላክቴት ይባላል። አስታማሚዎች ስሙን ለምደውታል፤ የሰው ስም መሆኑን ግን ብዙዎች ልብ አይሉትም።

ዶክተር ሲድኒ ሪንገር እ.ኤ.አ. በ1835 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኖርዊች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሞቱባቸው ገና በልጅነታቸው ነው። በ1854 ዓ.ም. ለንደን ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብተው ሕክምና አጠኑ፤ የሐኪምነት ዘመናቸውንም በዚያው ኮሌጅ ሆስፒታል አሳለፉ። በ1869 ዓ.ም. ያወጡት የመድኃኒት መጽሐፍ ደጋግሞ ታትሟል። ስማቸውን እስከ ዛሬ ያቆየው ግን መጽሐፉ ሳይሆን፣ ከሕመምተኞቻቸው በሚተርፋቸው ጊዜ በእንቁራሪት ልብ ላይ ያደረጉት ምርምር ነው።

ጥያቄያቸው ከሰውነት ተለይቶ የወጣ ልብ መምታቱን እንዲቀጥል ከደም ውስጥ ምን ምን ያስፈልገዋል የሚል ነበር። በ1882 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ በገበታ ጨው ውሃ ላይ ጥቂት የፖታሲየም ጨው ቢጨመር ልቡ ደህና አድርጎ እንደሚመታ ገለጹ። በቀጣዩ ዓመት ግን አንድ ስሕተት ደረሱበት። ፈሳሹ በተጣራ ውሃ ተበጥብጧል ብለው ሲያምኑ፣ ለካ የተበጠበጠው በለንደን የቧንቧ ውሃ ኖሯል። በእውነተኛው የተጣራ ውሃ ሲሞክሩት ልቡ እየደከመ ሄዶ ቆመ። የቧንቧው ውሃ ያልተቆጠረ ካልሲየም ይዞ ነበር።

ዶክተሩ ይህን አልሸሸጉም፤ ውሃውን የሚያቀርበውን ኩባንያ ስም ሳይቀር ጠቅሰው የቀድሞ ጽሑፋቸውን በአደባባይ አረሙ። ያልተመረመረ ጥሬ ዕቃ ምን ያህል ውጤት እንደሚያዛባ የሚያውቅ የሙያ ሰው ሁሉ የዚህን እርምት ክብደት ይረዳዋል።

ምርምሩ ቀጠለ። ካልሲየም ብቻውን ሲሰጥ ልቡ ይኮማተርና መላላት ያቅተዋል፤ ፖታሲየም ሲታከልበት ይላላል፤ ፖታሲየሙ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ እንደ ላላ ይቀራል። ስለዚህ ወሳኙ ነገር የአንዱ ጨው መኖር ብቻ ሳይሆን የእርስ በርስ ሚዛናቸው ነበር።

የሰው ልብም ከዚህ ሕግ አልወጣም። በጤናማ ሰው አንድ ሊትር ደም ፈሳሽ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ገደማ ነው፤ የቀረው እጅግ የሚበዛው በሴሎች ውስጥ ይገኛል። ተቅማጥ ይህን ሀብት ሲያሟጥጠው ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምትም ይዛባል። በ1930ዎቹ አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም አሌክሲስ ሃርትማን ላክቴት የጨመሩበት የሪንገር ፈሳሽ በሊትር 4 ሚሊሞል ያህል ፖታሲየም ይይዛል። በአፍ የሚጠጣው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር 20 ሚሊሞል ስላለው፣ ሕመምተኛው መጠጣት ሲችል ቶሎ እንዲጀምር ይደረጋል።

ለጤነኛ አዋቂ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 3.5 ግራም ያህል ፖታሲየም ከምግብ እንዲገኝ ይመክራል፤ ይህም ከጨው ቅነሳ ጋር የደም ግፊትን ለመቀነስ ይረዳል። የጅማ ጓሮ በዚህ አይታማም፤ ሙዙ፣ አቮካዶው፣ ጎደሬው አለ፤ ቡናውም ራሱ ጥቂት ያዋጣል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ያው ሙዝ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ትርፉን ፖታሲየም የሚያስወጣው በዋናነት ኩላሊት ነውና። እንዲህ ያለው ሰው የሚበላውን ከሐኪሙ ጋር መወሰን አለበት።

ዶክተር ሪንገር በ1900 ዓ.ም. ሥራቸውን ትተው በዮርክሻየር ወደምትገኘው ላስቲንግሃም መንደር ሄዱ። በልጅነቷ ለሞተችባቸው ሴት ልጃቸው መታሰቢያ የመንደሪቱን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ቀድሞ አሳድሰው ነበር። በዚያው ሳሉ በጥቅምት ወር 1910 ዓ.ም. ዐረፉ።