ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና የአባት ወጪ

መርሐ ቤቴ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች መካከል ያለ አገር መሆኑን ለእድራችን አባላት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከዚያ አምባ ወርዶ፣ ጀማን ተሻግሮ ወደ መሐል ሸዋ ለመውጣት ዱሮ ብርቱ ጉልበት ይጠይቅ ነበር። ወንዙ በክረምት ሲሞላማ ነገሩ ሁሉ ቁጭ ነው። ከዚህ አገር ወጥተው የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሱትን የብላቴን ጌታ ኅሩይን ሕይወት በአጭሩ ለማቅረብ የተነሣሁት ለዝናቸው ብዬ ብቻ አይደለም። ዛሬ በየስብሰባችን ለምንከራከርበት ጉዳይ፣ ማለት አባት ገንዘቡን በምን ላይ ያውጣ ለሚለው፣ እሳቸው ብዙ የደከሙበት ሰው ስለሆኑ ነው።

የተወለዱት በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ነው። በመጀመሪያ ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር፤ ኅሩይ የተባሉት በኋላ ነው። አባታቸው በልጅነታቸው ሞቱባቸው። እንግዲህ በዚያን ጊዜ አባት የሌለው ልጅ ልማር ካለ መንገዱ አንድ ነው፤ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት። የቆሎ ተማሪ ኑሮ ምን እንደሆነ ትልልቆቻችን ያውቁታል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጃፉ ቁራሽ ይለምናል። መቼም ትምህርት ቤት መርዳት ከፈረንጅ የመጣ ነገር የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ለማታውቀው ልጅ ቁራሽ እንጀራ በአኮፋዳው የምትጨምር የገጠር እናት ያለ ደብተርና ያለ ደረሰኝ ስንቱን ሊቅ አስተምራለች!

ኅሩይ ትምህርታቸውን በእንጦጦ ራጉኤል ገፉበት፤ እዚያው በጸሐፊነት አገለገሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሹመት ብዙ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ልለፈው። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዙ ንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛ ዘውድ ሲጭኑ ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ዲሬክተር ሆኑ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲጎበኙ አብረው ሄዱ። ከ1923 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚህ ሁሉ መሐል ብዕር ከእጃቸው አልወጣም፤ ከ20 በላይ መጻሕፍት ደርሰዋል፣ ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤትም አቋቁመዋል።

ከመጻሕፍቱ ውስጥ እኛን አባቶችን በቀጥታ የሚነካው በ1910 ዓ.ም. የወጣው ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ ነው። ስሙን ልብ በሉት። አባት ሲሞት መታሰቢያው ድንጋይ ወይም ድግስ ሳይሆን ለልጁ የተወለት ምክር ነው የሚል አሳብ አርእስቱ ላይ ተቀምጧል። እሳቸውም በወረቀት ብቻ አልቀሩም። ልጆቻቸውን በሕፃንነታቸው ወደ እስክንድርያ ሰደዱ፤ ከዚያም ሲራክ በኦክስፎርድ፣ ጊዮርጊስ በካምብሪጅ ተማሩ። ልጁን ከዓይኑ ማራቅ ለማይወድ ያገራችን አባት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ልጄ ሃይማኖቱን ይለውጥብኛል፣ ቋንቋው ይጠፋበታል የሚለው ሥጋት በዚያን ዘመን በየቤቱ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈትም ራስ ተፈሪ መኳንንቱን እናንተም እንዲሁ ለትምህርት አድርጉ ብለው መጎትጎታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ለቤተ ክርስቲያንና ለግብር እጁ የሚፈታ ሁሉ ለትምህርት ቤት ሲሆን እጁ ይጠብቅ ነበር።

ኅሩይ ይህን ነገር በ1925 ዓ.ም. በታተመው አዲስ ዓለም በተባለው ልብ ወለዳቸው ውስጥ ፊት ለፊት አንሥተውታል። ባለታሪኩ ዐወቀ የመንዝ ጎረቤት የሆነችው የተጉለት ልጅ ነው። ፈረንሳይ አገር ተምሮ ይመለሳል። አባቱ ይሞታሉ፤ ታዲያ በለቅሶው ሥርዓትና በተዝካሩ ድግስ ከዘመድ ጋር ይጋጫል። ዘመድ ወጉ ይፈጸም ይላል፤ እሱ ደግሞ ሟቹን የማይጠቅም ወጪ ለምን ይላል። ደራሲው ልጁን ደግፈው ይጻፉ እንጂ ዘመዶቹን ክፉ ሰዎች አላደረጓቸውም። ማፈራቸው እውነተኛ ነው፤ ሰው ምን ይለናል የሚል ነው። ይህን መጽሐፍ የለቅሶ ማኅበር አባል የሆነ ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል፤ ቅሬም እንበለው እድር፣ ከእኛ ይበልጥ የሚመለከተው የለም።

በእኛም እድር ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የአባቶች መዋጮ ይነሣ የሚለው አሳብ ሲቀርብ፣ የእድር ገንዘብ ለሬሳ ነው የሚል ተቃውሞ መነሣቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ተቃውሞው ባዶ አይደለም። ለቀብር የተሰበሰበ ብር ለሌላ ጉዳይ ከወጣ ድንገት ሐዘን ሲመጣ በምን ይሸፈናል? እኔ እንደሚመስለኝ ሣጥኑ ሳይነካ መዋጮው ለብቻው በፈቃድ ቢሆን ይሻላል። ግን ዱሮ ሁለተኛ ደረጃ ባልነበረበት ጊዜ ልጆቻችን ስንቅ ተሸክመው ደብረ ብርሃን ኃይለ ማርያም ማሞ ድረስ ይሄዱ እንደነበርም አንርሳ። ለዚያ ጉዞ በሶውን ያዘጋጀ ወላጅ ሁሉ ለትምህርት አዋጥቷል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በ1924 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ወደ ጃፓን ተልከው ነበር። ያዩትንም ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን ብለው ጻፉ። ያቺ አገር በአጭር ዘመን እንዴት እንደ ሠለጠነች ሲያስቡ የራሳቸውን አገር እያሰቡ እንደነበር ያስታውቃል። ጊዜ ግን አላገኙም። ጣሊያን ወረረን፤ በ1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ገቡ። በስደት ሳሉ፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ በ1929 ዓ.ም. ፋሽስቶች የተማረውን የኢትዮጵያ ወጣት እየለቀሙ ሲፈጁ ልጆቻቸው ጊዮርጊስና ፈቃደ ሥላሴ ተገደሉ። በዚያ ጊዜ መማር ራሱ የሚያስገድል ወንጀል ሆኖ ነበር። ያን ሁሉ ወጪና ናፍቆት የከፈለ አባት መርዶውን በሰው አገር፣ ድንኳን በማይጣልበት፣ ጎረቤት በማይሰበሰብበት ቦታ ተቀበለ።

ብዙም አልቆዩ። መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. እዚያው በስደት ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቆመው ንግግር አደረጉ፤ ቀባሪው ግን በጣት የሚቆጠር ስደተኛ ነበር። አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ዐፅማቸው ተመልሶ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። ከጥፋቱ የተረፈው ልጃቸው ሲራክ ደግሞ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ስለ አንድ የኢትዮጵያ መስፍን የጻፈውን የራሴላስን ታሪክ ወደ አማርኛ መልሶ አሳትሟል።