ንጉሥ ሚካኤል እና የደሴ ከተማ

ከተማ የሚቆረቁር ሰው ቦታውን የሚመርጠው በዘመኑ ላለበት ችግር መፍትሔ እንዲሆነው ነው። ቦታው ግን ከመሥራቹ ዕድሜ አልፎ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የደሴ ከተማም በምዕራብ በጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል ተይዛ በጠባብ ስፍራ ላይ የተመሠረተችበት ምክንያት የሚገኘው ከተማይቱን መናገሻቸው ባደረጉት በወሎው ንጉሥ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ ውስጥ ነው።

ንጉሥ ሚካኤል በ1843 ዓ.ም. ገደማ ከወረ ሂመኖው ገዥ ከኢማም አሊ አባ ቡላና ከወይዘሮ ጌጤ ተወለዱ። ስማቸውም መሐመድ አሊ ነበር። ቤተ ሰባቸው፣ ማመዶች በመባል የሚታወቀው፣ የወሎን ሰፊ ክፍል ለብዙ ትውልድ ሲገዛ የኖረ የእስላም መሳፍንት ቤት ነው። ይሁን እንጂ መሐመድ አሊ ለአቅመ አዳም በደረሱበት ጊዜ ወሎ በሰሜን በዐፄ ዮሐንስ፣ በደቡብ በሸዋው ንጉሥ በምኒልክ መካከል የተጨነቀ አገር ሆኖ ነበር። ባላባቶቹም እርስ በርሳቸው ስለ ሥልጣን ሲሻሙ፣ አንዱ ወደ ትግሬ፣ ሌላው ወደ ሸዋ ይጠጋ ነበር።

በ1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተሰሜን በሚገኘው በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ታላቅ የሃይማኖት ጉባኤ ተደረገ። የጉባኤው ውሳኔ በክርስቲያኖች ትምህርት ላይ ብቻ ሳይወሰን፣ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ የሚያስገድድ ትእዛዝ አስከተለ። መሐመድ አሊ በዐፄ ዮሐንስ ክርስትና አባትነት ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የራስነት ማዕረግም ተሰጣቸው። ተቀናቃኛቸው አመዴ ሊበን ደግሞ ክርስትና አባታቸው ምኒልክ ሆነው ኃይለ ማርያም ተባሉ። የሕዝቡ ዕጣ ግን እንደ መኳንንቱ በማዕረግ የታጀበ አልነበረም። ብዙዎች አገር ጥለው ተሰደዱ፤ ሌሎችም እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉትን መምህራን ተከትለው መሣሪያ አነሡ። ራስ ሚካኤልም ሹመታቸውን የተቀበሉት በገዛ ወገናቸው ላይ የወጣውን ትእዛዝ ለማስፈጸም ጭምር ነበር። ከተማይቱ በተቆረቆረችበት ዘመን የነበረው የወሎ ሁኔታ ይህ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

ዐፄ ዮሐንስ በ1875 ዓ.ም. በዚያ ስፍራ ሰፍረው ሳለ በሰማይ ጅራታም ኮከብ አይተው ቦታውን ደሴ፣ ማለትም ደስታዬ፣ ብለው እንደ ሰየሙት በትውፊት ይነገራል። በዚያው ዓመት መባቻ በዓለም ዙሪያ የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ መኖሩ የታወቀ ነው። ራስ ሚካኤል ግን የቀድሞ መቀመጫቸው የነበረችውን ተንታን ትተው ደሴን ዋና ከተማ ያደረጉት በኮከብ ምክንያት አልነበረም። ሥፍራው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ያለው ደጋ ሲሆን፣ ውሃ አይጠፋበትም፤ ለጥበቃም ይመቻል። በስተደቡብ ምዕራብ ዝቅ ብሎ የተዘረጋው የገራዶ ሜዳ የእርሻ አገር ነው። ቦርከና ወደሚወርድበት ወደ ኮምቦልቻና ወደ ቆላው የሚያወርደው በርም በዚሁ ይገኛል። ስለዚህ ደሴን የያዘ ሰው ደጋውንና ቆላውን፣ ሸዋንና ትግሬን የሚያገናኘውን መንገድ ይዟል ማለት ነው።

ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ከሞቱ በኋላ ራስ ሚካኤል ለዐፄ ምኒልክ ገብተው ልጃቸውን ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ። ከዚህም ጋብቻ በ1887 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተወለደ። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ በማርያም ሸዊቶ በጄኔራል ዳቦርሚዳ ብርጌድ ላይ ብርቱ ጉዳት አደረሰ። ከዚህ በኋላ በመጣው የሰላም ዘመን ደሴ የገበያና የመንግሥት ከተማ ሆና አደገች። ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የተዘረጋውም የቴሌግራፍ መስመር ወሎን አቋርጦ አለፈ። ራስ ሚካኤል ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ እንግዳ ሳይመረጥ የሚስተናገድበት የግብር ቤት ነበር። የቦሩ ሜዳን ትእዛዝ ላስፈጸመ መስፍን እንዲህ ያለ ስም ያለው አዳራሽ ማሠራት ትርጉም ያለው ነገር ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጅ ኢያሱ ሥልጣኑን ያዘ። አባቱም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በደሴ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ነገር ግን በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ከሥልጣን በመውረዱ፣ ንጉሡ ጦራቸውን አስከትለው ወደ ሸዋ ዘመቱ። በመጀመሪያ በቶራ መስክ ራስ ልዑል ሰገድን ድል አድርገው ገደሉ። ሆኖም ሸዋዎች ኃይላቸውን አጠናክረው ለመምጣት ጊዜ አገኙ፤ ኢያሱም በጊዜው አልደረሰላቸውም። ከደጋ ምሽጋቸው ርቀው በሰገሌ ሜዳ ጥቅምት 17 ቀን ተሸንፈው ተማረኩ። በግዞት ላይ ሳሉም በ1910 ዓ.ም. መጨረሻ ዐረፉ። ከአሸናፊዎቹ ዋነኛ የነበሩት ራስ ተፈሪ፣ የልጃቸውን የወይዘሮ ስኂንን ልጅ ወይዘሮ መነንን ያገቡ ስለ ነበሩ፣ ንጉሡን የጣላቸው የልጅ ልጃቸው ባል መሆኑ የዘመኑን ፖለቲካ መራራነት ያሳያል።

መንግሥታቸው ፈረሰ፤ ከተማቸው ግን ቀረች። በ1920 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኢጣልያ በተዋዋሉት ውል ውስጥ ከአሰብ ወደ ደሴ መንገድ እንዲሠራ መታሰቡ የቦታውን ዋጋ ይመሰክራል። ውሉ ሳይፈጸም ቢቀርም፣ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ያንን መንገድ ሲሠሩ ከዋናው የሰሜን መንገድ ጋር የተገናኘው ከገደሉ ሥር በምትገኘው በኮምቦልቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ፋብሪካና የአውሮፕላን ማረፊያ የሚፈልገውን ለጥ ያለ መሬት ኮምቦልቻ ስትሰጥ፣ ደሴ የአስተዳደር፣ የትምህርትና የንግድ ማዕከል ሆና ቀጠለች። ጠላትን ይከላከል የነበረው ተዳፋት ዛሬ በክረምት እየተንሸራተተ ቤትና መንገድ ያፈርሳል፤ የከተማይቱንም መስፋፋት ያግዳል።

ለዚህ ንጉሡን መውቀስ አይገባም። የመረጡት ቦታ ለተፈለገበት አገልግሎት የሚስማማ ነበር። የሰፈር ምሽግ ሆኖ የተመረጠውን ስፍራ ለብዙ ሺህ ሕዝብ መኖሪያ የማድረጉ ሥራ ግን ለተከታዩ ትውልድ፣ በተለይም ለሙያው ባለቤቶች፣ የተላለፈ ዕዳ ነው። በከተማይቱ በልጃቸው በወይዘሮ ስኂን ስም የተሰየመው ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን ያስተማራቸው ወጣቶችም ከዚህ ዕዳ ከፋዮች መካከል ናቸው።