ጉልዬልሞ ማርኮኒና የማሚቶው ጥበብ

ጉልዬልሞ ማርኮኒ በ1874 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) ከኢጣልያዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። ሄርዝ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ስለ ገለጠው የኤሌክትሪክ ሞገድ አንብቦ፥ በ1895 በአባቱ ርስት ያለ ሽቦ ምልክት ማስተላለፍ ጀመረ። በ1901 ምልክቱ ከእንግሊዝ አገር ተነሥቶ፥ አትላንቲክን ተሻግሮ ኒውፋውንድላንድ ደረሰ። በ1909 የኖቤልን ሽልማት ከብራውን ጋር ተካፈለ። ይህ ሁሉ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

በ1922 በኒውዮርክ ለመሐንዲሶች ባደረገው ንግግር፥ የሬዲዮ ሞገድ ከብረት ጋር ሲገናኝ ተመልሶ ስለሚነጥር፥ መርከብ በጉምና በጨለማ ሌላውን መርከብ ለማወቅ እንደሚችል አስረዳ። በእርግጥ ሂልስማየር የተባለ ጀርመናዊ በ1904 በራይን ወንዝ ላይ ይህንኑ አሳይቶ ሰሚ አጥቶ ነበር።

ነገሩ በገደል ፊት ቆሞ እንደሚጮኽ እረኛ ነው። ማሚቶው እስኪመለስ ያለውን ጊዜ የቈጠረ እንደ ሆነ የገደሉን ርቀት ያውቃል። ራዳርም አጭር ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፥ 150 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ አውሮፕላን ደርሶ የሚመለሰው በሰከንድ አንድ ሺሕኛ ነው። ነገር ግን የሚጮኽ ሰው ራሱንም ይገልጣል። ማሚቶው ደርሶ መልስ ተጕዞ እጅግ ደክሞ ይመጣል፤ በወዲያ በኩል ያለ አድማጭ ግን የሚቀበለው መሄጃውን ብቻ ስለ ሆነ ድምፁ ይበረታለታል። ስለዚህ ጥሩ መቀበያ የያዘ ሰው ራዳሩ ሳያየው በፊት ራዳሩን ያውቀዋል። በ1942 የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የእንግሊዝን አውሮፕላኖች ይሸሹ የነበረው በዚህ ዘዴ ነው፤ እንግሊዞች ሞገዱን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ቢያሳጥሩት ግን መቀበያው ደንቈሮ ሆነ።

ማርኮኒ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆኖ ነበር። በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ፥ ይህ ሊቅ ወደ ብራዚል ተሻግሮ ለወረራው ተሟገተ። በለንደን በኩል ሲመለስም ቢቢሲ እንዲናገር አልፈቀደለትም፤ ከጣቢያው መሥራቾች አንዱ የእርሱ ኩባንያ እንደ ነበረ ልብ ይሏል። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ከአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ ድምፃቸውን ለዓለም ያሰሙት በዚሁ ሰው ጥበብ ነበር። ማርኮኒን የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ መምህር ይህን ገጽ ሊያልፈው አይገባም።

በ1935 ማርኮኒ በሮማ አቅራቢያ የሞገዱን መንጠር ለመንግሥቱ ሹማምንት አሳየ። ኡጎ ቲቤሪዮ የተባለ መሐንዲስ ምርምሩን ቀጠለ፤ ዳሩ ግን የተሰጠው ገንዘብና ረዳት ጥቂት ነበር። ለወረራ የከፈተችውን ካዝና ለላቦራቶሪ የዘጋች መንግሥት ነበረች። ማርኮኒ በ1937 በሮማ ሞተ።

በጃንዋሪ 1941 የእንግሊዝ ጦር ከምሥራቅ ሱዳን በከሰላ በኩል ወደ ኤርትራ ገባ፤ ከገዳሪፍ ማዶ ባለው ወሰንም ጣልያኖች መተማን ለቀቁ። ማርች 27 ከረን ወደቀች። በማግሥቱ ሌሊት፥ በግሪክ ደቡብ በማታፓን ባሕር፥ ተመትታ የቆመችውን ፖላ የተባለች የኢጣልያ መርከብ የእንግሊዝ ራዳር በጨለማ አገኛት። ሊረዷት የመጡት ዛራና ፊዩሜ፥ ራዳር የሌላቸው በመሆኑ፥ ጠላት በቅርብ መቆሙን ሳያውቁ መድፍ ወረደባቸው። ሦስቱም መርከቦች ከሁለት አጥፊ መርከቦች ጋር ሰጠሙ፤ ከ2,300 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ኤፕሪል 6 አዲስ አበባ ከጣልያን እጅ ወጣች። ኢጣልያ ጉፎ፥ ማለት ጉጉት፥ የተባለውን ራዳር በታላላቅ የጦር መርከቦቿ ላይ መስቀል የጀመረችው ከዚህ በኋላ ነበር።