የካሉጋው መምህር

አባቶች በቀድሞ ዘመን መስኮብ ብለው ይጠሯት በነበረችው በሩስያ አገር ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ የሚባል አንድ የተማሪ ቤት መምህር ነበረ። ሰው ከምድር ተነሥቶ ከአየር በላይ ወዳለው ጠፈር በምን ኃይል ሊወጣ እንደሚችል በሒሳብ አስልቶ አስቀድሞ ያስረዳ ይህ ሰው ነው። ሥራውንም የሠራው በታላቅ ከተማ፥ ብዙ ገንዘብና ብዙ ረዳት ይዞ አይደለም፤ በትንሽ ከተማ ተቀምጦ፥ ልጆችን ቍጥር እያስተማረ፥ በተረፈችው ሰዓት ነው። ጆሮውም ከልጅነቱ ጀምሮ አይሰማም ነበረ። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ኮንስታንቲን የተወለደው ሴፕቴምበር 17 ቀን 1857 ኢዠቭስኮዬ በምትባል መንደር ነው። አባቱ ኤድዋርድ ከፖላንድ ወገን የመጣ፥ የመንግሥት ደን ጠባቂ ሹም ነበረ፤ ፊቱ የማይፈታ፥ ልቡ ግን ቅን የሆነ ሰው ነበረ። እናቱ ማሪያ ሣቂና ጨዋታ ወዳድ ነበረች። ልጁ ስምንት ዓመት ያህል በሆነው ጊዜ እናቱ አንዲት ትንሽ ፊኛ ሰጠችው። ፊኛዋ ሃይድሮጂን የሚባል ከአየር የቀለለ ጋዝ የተሞላች ስለ ሆነች ወደ ላይ ትነሣለች፤ ልጁም በክር አስሮ በየክፍሉና በግቢው ይጐትታት ነበረ።

ዐሥር ዓመት ሊሞላው ሲል በብርዱ ወራት በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ብርድ መታው፤ ከዚያም ብርቱ ትኩሳትና ቀይ ሽፍታ ያለው በሽታ ያዘው። ነፍሱ ተረፈች፤ ጆሮው ግን አልተረፈም። ጥቂት ድምፅ ይሰማዋል እንጂ የሰውን ንግግር መለየት አቃተው። ጓደኞቹ ሲሥቁ በምን እንደ ሣቁ አያውቅም፤ መምህሩ ሲናገር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያያል እንጂ ቃሉ አይደርሰውም። በስተኋላ አርጅቶ ስለ ልጅነቱ ሲጽፍ፥ ከበሽታው ቀጥለው የመጡት ዓመታት ከዕድሜው ሁሉ የጨለሙት እንደ ነበሩ ገልጿል። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነው ደግሞ እናቱ ሞተችበት። በቪያትካ ከተማ በሚማርበት ተማሪ ቤት ሁለተኛውን ክፍል ሁለት ጊዜ ተማረ፤ በ1873ም ተማሪ ቤቱን ፈጽሞ ተወ። ከዚያ ወዲህ በመምህር ፊት ተቀምጦ አልተማረም።

መምህር የሌለው ተማሪ ምን ያደርጋል? ኮንስታንቲን ወደ አባቱ መጻሕፍት ሄደ። መጽሐፍን ለመረዳት ዓይን ይበቃል፤ ጆሮ አያስፈልግም። ነገር ግን ያነበበውን ሁሉ በእጁ ሳይሞክር አያምንም ነበረ። አንድ ቀን ስለ መሬት አለካክ ካነበበ በኋላ፥ ርቀትን በማዕዘን የሚለካ መሣሪያ በገዛ እጁ ሠራ። ከቤት ሳይወጣ በመስኮት ሆኖ የእሳት ጠባቂዎችን ረጅም ግንብ አነጣጥሮ አሰላ፤ ርቀቱ 400 አርሺን ሆነ፤ ይህም 284 ሜትር ያህል ነው። ከዚያም ወጣና መንገዱን በእርምጃ ለካው፤ ልክ ሆኖ አገኘው። በሒሳብ የተገኘ ነገር በምድር ላይም እውነት እንደሚሆን ያመነው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

አባቱም የልጁን ትጋት አይቶ በ16 ዓመቱ ወደ ሞስኮ ሰደደው። በዚያ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። ከቤቱ በየወሩ ከ10 እስከ 15 ሩብል ይላክለት ነበረ። አንዱ ሩብል 100 ኮፔክ ነው። ኮንስታንቲን ግን በየሦስት ቀኑ ወደ ዳቦ ቤት እየሄደ የ9 ኮፔክ ጥቁር ዳቦ ይገዛል፤ ምግቡም ይህ ዳቦና ውሃ ብቻ ነበረ። እንዲህ ሲያደርግ በወር ለምግቡ የሚያወጣው 90 ኮፔክ ነው። የቀረው ገንዘብ ለመጻሕፍት፥ ለብርጭቆ ቧንቧ፥ ለባዜቃና ለአሲድ ይውል ነበረ። አሲዱ ሱሪውን በብዙ ስፍራ ስለ በሳው፥ የመንገድ ልጆች ሱሪውን አይጥ በላው እያሉ ይሣለቁበት ነበረ። ሰውነቱን ይህን ያህል ማስራቡ የሚመሰገን አይደለም፤ ወደ ቤቱም በተመለሰ ጊዜ ከስቶና ገርጥቶ አገኙት። መጻሕፍቱን ግን አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነበር የሚያነብ። በከተማው ቤተ መጻሕፍት ኒኮላይ ፌዮዶሮቭ የሚባል የመጻሕፍት ጠባቂ ነበረ፤ ደመወዙን ለድኾች የሚያካፍል ሰው ነው። ይህ ሰው ለማይሰማው ልጅ መጻሕፍት ይሰጠው ነበረ።

በሞስኮ ሳለ አንድ ሐሳብ መጣለት። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ኳስ የተተከለባቸው ሁለት ተጣጣፊ ዘንጎች ወዲያና ወዲህ ቢወዛወዙ፥ የሚዞር ነገር ወደ ውጭ የሚገፋበት ኃይል ሣጥኑን ወደ ላይ የሚያነሣው መሰለው። እንዲህ ከሆነ ሰው በሣጥኑ ገብቶ ከአየር በላይ መውጣት ይችላል። ደስታው ቢበዛበት እንቅልፍ እምቢ አለው፤ ሌሊቱን ሁሉ በሞስኮ መንገዶች ሲዞር አደረ። ነገር ግን ሲዞር ሐሳቡን መመርመር አልተወም። ሊነጋ ሲል ስሕተቱን አገኘው። በሣጥኑ ውስጥ ያለ ነገር አንዱን ግድግዳ ወደ ላይ ሲገፋ፥ ያንኑ ያህል ወደ ታች ይመልሳል፤ ሣጥኑም ተንቀጥቅጦ በስፍራው ይቀራል። ጋሪ ላይ ተቀምጦ የጋሪውን ፊት በእጁ የሚገፋ ሰው ጋሪውን እንደማያስኬድ ማለት ነው። ስሕተቱን የነገረው ሰው አልነበረም፤ ቢደብቀውም የሚያውቅበት አልነበረም። ኀዘኑ እንደ ደስታው ብርቱ ሆነ፤ የወደደውን ሐሳብ ግን ተወው። ያችን ሌሊት እስኪሞት ድረስ አልረሳትም።

በ1876 ወደ አባቱ ቤት ተመለሰ። በ1879 ያለ መምህር ባጠናው ትምህርት ተፈትኖ የመምህርነት ፈቃድ አገኘ። በ1880 ቦሮቭስክ በምትባል ትንሽ ከተማ የሒሳብ መምህር ሆነ፤ በዚያም ቫርቫራ ሶኮሎቫ የምትባል የካህን ልጅ አገባ። ተማሪዎቹን በቃል ብቻ አያስተምርም ነበረ። አንድ ጊዜ ከስስ ወረቀት ትልቅ ፊኛ ሠራ፤ ከበታቹም እንጨት አንድዶ በሙቅ አየር አስነሣው። ፊኛው የታሰረበት ክር ተቃጥሎ ተበጠሰና የእሳት ፍንጣሪ እየረጨ በከተማው ላይ በረረ፤ ሄዶም በአንድ ጫማ ሰፊ ጣራ ላይ ወደቀ። ቤቱ አልተቃጠለም፤ ጫማ ሰፊው ግን ፊኛውን ይዞ አሰረው።

በዚያን ጊዜ ስለ ጋዞች ጠባይ ብዙ ደክሞ አንድ ድርሰት ጻፈና በፒተርስቡርግ ወዳሉ ሊቃውንት ላከ። እነርሱም ነገሩ እውነት መሆኑን፥ ነገር ግን ከሃያ ዓመት በፊት በሌሎች ተገኝቶ የታወቀ መሆኑን አስረዱት። በገጠር ከተማ የሚኖር ሰው አዲስ መጽሐፍ ስለማያገኝ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነበረ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ አፍሮ ብዕሩን በጣለ ነበረ፤ እርሱ ግን ሌላ ድርሰት ጽፎ ላከ፤ ሊቃውንቱም ሥራውን አመሰገኑለት።

በ1883 የሞስኮዋ ሌሊት ጥያቄ መልስ አገኘች። ከተዘጋ ሣጥን የሚወጣ ኃይል ከሌለ፥ ሣጥኑን ከፍቶ አንድ ነገር ወደ ውጭ መወርወር ያስፈልጋል። ድንጋይ ጭኖ በታንኳ የተቀመጠ ሰው መቅዘፊያ ቢጠፋበት፥ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ቢወረውር ታንኳው ወደ ፊት ይሄዳል። በርሜል ሙሉ የታመቀ ጋዝ በአንድ ወገን ቢከፈት፥ ጋዙ ወደ ኋላ ሲወጣ በርሜሉ ወደ ፊት ይገፋል። ለዚህ ሥራ የሚደገፉበት አየር አያስፈልግም፤ ስለዚህ ምንም አየር በሌለበት ጠፈር መሄድ ይቻላል። ርችት ወደ ሰማይ የሚወጣው በዚሁ ሕግ ነው፤ ርችትን ሰዎች ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ ያውቁት ነበረ፤ የጠፈር መንገድ መሆኑን ግን አላሰቡም። ኮንስታንቲን ይህን በደብተር ጻፈው፤ ደብተሩ ግን በሕይወቱ ሳለ አልታተመም።

በ1887 ቤቱ ተቃጠለ። መጻሕፍቱና በእጁ የሠራቸው ምሳሌዎች ከቤቱ ዕቃ ጋር ጠፉ፤ በመስኮት ተጥላ የተረፈችው የስፌት መኪና ብቻ ናት። በ1892 መንግሥት ወደ ካሉጋ ከተማ አዛወረው፤ ካሉጋም ከሞስኮ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዚያች ከተማ እስኪሞት ድረስ ኖረ። ከ1899 ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ሥር ባለ የሴቶች ተማሪ ቤት ፊዚክስ አስተማረ። ለመስማትም ከቆርቆሮ ትልልቅ ጥሩምባዎች ሠርቶ፥ ጠባቡን ጫፍ በጆሮው አድርጎ ሰፊውን ወደሚናገረው ሰው ያዞር ነበረ። በ1897 ነፋስ በሚነፍስበት ሣጥን ውስጥ ልዩ ልዩ ቅርጾችን እያቆመ አየር የቱን ያህል እንደሚገታቸው ለካ። የሩስያ የሊቃውንት ጉባኤም ለዚህ ሥራ 470 ሩብል ረዳው። በዕድሜው ብዙ ጊዜ የለመነው እርዳታ ከዚህ ያለፈ እምብዛም አላገኘም።

በ1903 ስለ ሮኬትና ስለ ጠፈር የጻፈው ታላቁ ድርሰት በአንድ የሳይንስ መጽሔት ታተመ። በዚህ ድርሰት ሮኬት የሚያገኘው ፍጥነት በሁለት ነገር እንደሚወሰን አስረዳ፤ እነርሱም ጋዙ የሚወጣበት ፍጥነትና፥ ሮኬቱ ነዳጁን ሞልቶ የሚመዝነው ክብደት ባዶውን ከሚመዝነው ጋር ሲተያይ ነው። ሒሳቡ ጨካኝ ነው። የሞላው ሮኬት ከባዶው አራት እጥፍ ሆኖ አንድ ፍጥነት ቢያገኝ፥ ሁለት እጥፍ ፍጥነት ለማግኘት ስምንት እጥፍ አይበቃውም፤ ዐሥራ ስድስት እጥፍ መሆን አለበት። በምድር ዙሪያ ለመዞር በአንድ ሰኮንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ያስፈልጋል። ባሩድ ለዚህ ስለማይበቃ፥ በብርቱ ቅዝቃዜ ፈሳሽ የሆነ ሃይድሮጂንና ኦክሲጅን እንዲነድድ መከረ። ዛሬ ከታላላቆቹ ሮኬቶች አንዳንዶቹ በእነዚህ በሁለቱ ይነዳሉ።

ድርሰቱን ያስተዋለ ሰው ጥቂት ነበረ። መጽሔቱም ወዲያው ተዘጋ፤ ሁለተኛው ክፍል ስምንት ዓመት ቆይቶ ከ1911 ጀምሮ በሌላ መጽሔት ወጣ። የካሉጋም ሰዎች ብዙዎቹ ደግ ግን ያበደ ሰው ይመስላቸው ነበረ። በቤቱም ኀዘን አልጠፋም። በ1902 በሞስኮ ይማር የነበረው ልጁ ኢግናቲ ሞተ፤ በ1908 የኦካ ወንዝ ሞልቶ ቤቱ ገባና ወረቀቶቹን አበላሸ። እርሱ ግን ከደመወዙ እየቀነሰ ትንንሽ መጻሕፍት ያሳትምና ለሚያነብ ሁሉ ይልክ ነበረ።

ንጉሡ ከወረዱ በኋላ የመጣው መንግሥት በ1921 የዕድሜ ልክ ጡረታ ሰጠው። በ1929 ሌላ ሐሳብ አሳተመ፤ አንዱ ሮኬት በሌላው ተቀጥሎ እንደ ምድር ባቡር ይነሣል፤ ነዳጁ ያለቀበት እየተጣለ የቀረው በቀለለ ክብደት ይሄዳል። ከላይ ያለው ጨካኝ ሒሳብ የሚሸነፈው እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን በሌላ አገር ያሉ ሰዎችም በየራሳቸው ወደዚሁ ነገር ደርሰው ነበረ። አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ በ1926 በፈሳሽ ነዳጅ የሚሄደውን የመጀመሪያ ሮኬት አስነሣ፤ ጀርመንኛ ተናጋሪው ኸርማን ኦበርት በ1923 ስለዚሁ መጽሐፍ አወጣ፤ ኋላም ከካሉጋው ሽማግሌ ጋር ተጻጻፈ።

ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1935 በ78 ዓመቱ በካሉጋ ሞተ። ያሰበው ሮኬት ወደ ጠፈር ሲወጣ አላየም። መጻሕፍቱን ካነበቡት ወጣቶች አንዱ ሰርጌይ ኮሮሌቭ የሚባል መሐንዲስ ነበረ። የእርሱም ስም እስኪሞት ድረስ ለሕዝብ አልተነገረም። ኮሮሌቭ የመራቸው ሠራተኞች ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ስፑትኒክ የሚባለውን 83 ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን ኳስ በምድር ዙሪያ እንዲዞር ሰደዱ፤ ጺዮልኮቭስኪ ከተወለደ መቶ ዓመት የሞላው በዚያው ዓመት ነው። ሮኬቱ ነዳጃቸው ሲያልቅ የሚጣሉ ክፍሎች ነበሩት። በ1959 የሩስያ መሣሪያ የጨረቃን የማይታየውን ፊት ፎቶግራፍ ባነሣ ጊዜ፥ በዚያ ከታዩት ታላላቅ ጐድጓዶች አንዱ በዚህ መምህር ስም ተጠራ።

ኤፕሪል 12 ቀን 1961 ዩሪ ጋጋሪን ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ወደ ጠፈር ወጣ፤ ምድርን አንድ ጊዜ ዞሮ በ108 ደቂቃ ተመለሰ። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ፥ ጁን 13 ቀን፥ ጋጋሪን ወደ ካሉጋ ሄደና መምህሩ በተቀበረበት አትክልት ቦታ አጠገብ ለሚሠራው የጠፈር ታሪክ ቤተ መዘክር የመጀመሪያውን ድንጋይ አኖረ። ቤተ መዘክሩም በ1967 ተከፈተ።