ሳሙኤል ጆንሰን፦ ከደጅ ጥናት ወደ ውል

የዚህ አጭር ጽሑፍ ትኩረት የእንግሊዛዊው ደራሲ የሳሙኤል ጆንሰን (1709–1784 እ.ኤ.አ.) የገቢ ታሪክ ነው። ጆንሰን በአገራችን የሚታወቀው በራሴላስ ደራሲነቱ ሲሆን፣ ደመወዝ ሳይቆረጥለት ሥራውን በየውሉ እየሸጠ፣ ዛሬ ፍሪላንስ በሚባለው መንገድ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረ ሰው ነው። ሕይወቱ ብዙ ጊዜ የሚተረከው የነጻ ብዕር ድል ተደርጎ ነው። የተዋዋለባቸውን ዋጋዎች በቅደም ተከተል የመረመረ ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነገር ያገኛል።

የሊችፊልድ መጽሐፍ ሻጭ ልጅ የሆነው ጆንሰን በ1728 ኦክስፎርድ ቢገባም፣ ገንዘብ አጥሮት ከአንድ ዓመት ብዙም ሳይርቅ ያለ ዲግሪ ወጣ፤ ይህም የመምህርነትን በር አጠበበበት። በ1735 የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ጄሮኒሞ ሎቦ የጻፈው የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ የተመለሰበት ነው። የተከፈለውም 5 ጊኒ ነበር (አንድ ጊኒ 21 ሽልንግ ነው)። የከፈተው ትምህርት ቤት ተማሪ አጥቶ ሲዘጋ፣ በ1737 ከተማሪው ከዴቪድ ጋሪክ ጋር ወደ ለንደን አቀና።

በለንደን የኤድዋርድ ኬቭ መጽሔት ቋሚ ጸሐፊ ሆነ። የምክር ቤት ክርክርን ማተም ክልክል ስለነበር፣ ከሌሎች በቃረመው ማስታወሻ እየተመራ የሊሊፑት ሸንጎ በሚል ሽፋን ንግግሮቹን ራሱ ያቀናብር ነበር። ሥራው ዕለታዊ ወጪውን ቢሸፍንለትም ስሙ አልተጻፈበትምና ለቀጣዩ ውል መደራደሪያ አልሆነውም።

ለውጡ የመጣው በ1746፣ የለንደን መጽሐፍ ሻጮች ኅብረት መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅ በ1,575 ፓውንድ ሲዋዋለው ነው። ገንዘቡ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን የስድስቱ ረዳት ገልባጮች ክፍያ ከዚያው የሚወጣ ነበር፤ በሦስት ዓመት ይጠናቀቃል የተባለውም ሥራ እስከ 1755 ዘለቀ። ሥራው ሲራዘም ዋጋው አልጨመረም። በእኔ ግምት ጆንሰንን በመካከሉ ያቆመው ከ1750 እስከ 1752 በሳምንት ሁለት ጊዜ ያወጣው የራምብለር መጣጥፍ ነው፤ ለእያንዳንዱ 2 ጊኒ እያገኘ 208 ቁጥሮች አወጣ፤ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉንም የጻፈው ራሱ ነው። የመዝገበ ቃላቱን ዕቅድ ያቀረበለት ሎርድ ቼስተርፊልድ ለዓመታት ዘንግቶት ኖሮ ሊታተም ሲቃረብ በጋዜጣ ቢያወድሰው፣ ጆንሰን ውዳሴው ከጊዜው እጅግ የዘገየ መሆኑን ገልጾ የማይቀበለው መሆኑን በደብዳቤ አሳወቀው።

ይህ ደብዳቤ ለደጅ ጥናት ዘመን ማብቂያ ተደርጎ ይጠቀሳል። አተያዩ ግማሽ እውነት ነው። መዝገበ ቃላቱ ከታተመ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1756፣ ጆንሰን 6 ፓውንድ በማይሞላ ዕዳ ተይዞ ነበርና። ያስፈታው የልቦለድ ደራሲውና አታሚው ሳሙኤል ሪቻርድሰን የላከለት 6 ጊኒ ነው። ክብሩ የጆንሰን ነበር፤ የመጽሐፉ ትርፍ ግን ለመጽሐፍ ሻጮቹ ገብቷል።

ራሴላስም የተወለደው ከዚሁ ችግር ነው። በጥር 1759 እናቱ ታማ ስትሞት የቀብሯን ወጪና የተረፈ ዕዳዋን ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጽፎ ጨረሰው፤ 100 ፓውንድ፣ ለሁለተኛው እትምም 25 ፓውንድ ተከፈለው። የልዑሉ ስም በሎቦ መጽሐፍ ካገኘው ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም የመጣ መሆኑ ሲታሰብ፣ በወጣትነቱ በ5 ጊኒ የሸጠው ትርጉም ከሃያ አራት ዓመት በኋላ እንደገና ጠቀመው ማለት ይቻላል። ሲራክ ኅሩይ ልቦለዱን ወደ አማርኛ መልሶታል።

በ1762 ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በዓመት 300 ፓውንድ ጡረታ ሰጠው። በመዝገበ ቃላቱ ጡረታን አገርን ለመካድ የሚከፈል ቅጥር አስመስሎ ፈትቶት ስለነበር ተቺዎቹ አልማሩትም። ሆኖም ከግል ውል ብቻ የመኖሩ ዘመን በዚህ አበቃ። አስቀድሞ ከተመዝጋቢዎች ገንዘብ የሰበሰበበትን፣ በ1757 መጨረሻ ይወጣል ብሎ የነበረውን የሼክስፒር እትም እንኳ ያደረሰው በ1765 ነው።

በ1777 መጽሐፍ ሻጮች ለባለቅኔዎች ሥራ መግቢያ እንዲጽፍላቸው ቤቱ ድረስ መጥተው ዋጋውን ራሱ እንዲቆርጥ ጠየቁት። የጠየቀው 200 ጊኒ ብቻ ነበር። ምሁሩ ኤድመንድ ማሎን 1,000 ወይም 1,500 ጊኒ ቢል ኖሮ ያለ ማመንታት ይሰጡት እንደነበር ገምቷል። መጽሐፍ ሻጮቹ በኋላ በገዛ ፈቃዳቸው 100 ጊኒ ጨመሩለት።