ጠበቃው ሊቅ፤ የሰር ዊልያም ሮበርት ግሮቭ አጭር የሕይወት ታሪክ

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚዘጋጀው በዚህ መጽሔት ላይ ስለ አንድ ታላቅ ሰው እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፥ ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር መሪዎች መጻፍን መረጡ። እኛ ግን ጦር ያልመራ፥ አገር ያልገዛ፥ ነገር ግን አንድ መልካም ጥያቄ የጠየቀ ሰው ታሪክ ስለ ማረከን እርሱን ለአንባቢዎቻችን ለማስተዋወቅ ወደድን።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። በኬሚስትሪ ክፍላችን ውስጥ ጥቂት አሲድ በተጨመረበት ውሃ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል አሳልፈን፥ ውሃው ሃይድሮጂንና ኦክሲጂን ወደሚባሉ ሁለት ጋዞች ሲለያይ በዓይናችን አይተናል። ያየነውንም በደብተራችን ጽፈን፥ ሥዕሉንም ሥለን፥ ዕቃውን አጥበን ወጣን። ከመካከላችን ግን እነዚህ የተለያዩት ጋዞች ተመልሰው ቢገናኙ የወሰዱትን ኤሌክትሪክ ይመልሱ ይሆን ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም ተማሪ አልነበረም። ከብዙ ዘመን በፊት ይህን የጠየቀው ሰው ዊልያም ሮበርት ግሮቭ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ግሮቭ በጁላይ 11 ቀን 1811 ዓ. ም. በዌልስ አገር ስዋንሲ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። ስዋንሲ በዚያ ዘመን ከሩቅ አገር በመርከብ የሚመጣ የመዳብ ድንጋይ የሚቀለጥባት፥ የምድጃ ጢስ የማይለያት ከተማ ነበረች። አባቱ በአውራጃው የዳኝነት ሥልጣን የነበረው የተከበረ ሰው ነበረ። ልጁ በመጀመሪያ በቤት አስተማሪዎች እጅ ከተማረ በኋላ ወደ ኦክስፎርድ ተልኮ በብሬዝኖዝ ኮሌጅ ትምህርቱን ተከታተለ፤ በ1832 ዓ. ም. የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ። ከዚያም ሕግ ተምሮ በ1835 ዓ. ም. በለንደን በጥብቅና ሥራ ለመቆም ተፈቀደለት።

ነገር ግን ሰው ያሰበው ሁሉ እንዳሰበው አይሆንም። ወጣቱ ጠበቃ ጤናው ስለ ታወከ የፍርድ ቤቱን ሥራ እንደ ልቡ ለመሥራት አልቻለም። በ1837 ዓ. ም. ኤማ ማሪያ ፓውልስ የምትባል ልጃገረድ አግብቶ ከእርስዋ ጋር ወደ አውሮፓ አገሮች ተጓዘ። ሕመም ሌላውን ሰው ሥራ ፈት ሲያደርገው፥ ግሮቭን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ወደ ወደደው ወደ ሳይንስ መለሰው። ሥራ ያጣው ጠበቃ ጊዜውን በብርጭቆ ቱቦዎች፥ በአሲድና በብረታ ብረት መካከል ያሳልፍ ጀመር።

በ1839 ዓ. ም. ግሮቭ በስሙ የተጠራውን ባትሪ ሠራ። ይህ ባትሪ ዚንክን ውሃ በተቀላቀለበት ሰልፈሪክ አሲድ፥ ፕላቲንን ደግሞ በብርቱ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ አድርጎ፥ ሁለቱን አሲዶች ፈሳሽ ቀስ ብሎ በሚያሳልፍ የሸክላ ዕቃ የሚለይ ነበረ። ኃይሉ ወደ 2 ቮልት የሚጠጋ በመሆኑ በዚያ ዘመን ከነበሩት ባትሪዎች ብዙዎቹን በለጠ፤ በአሜሪካም የቴሌግራፍ መሥሪያ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ተገለገሉበት። ሆኖም ከናይትሪክ አሲዱ የሚወጣው መርዛም ጢስ ሠራተኞችን ስለሚጎዳ በኋላ ጊዜ በሌላ ተተካ። ይህ ሥራው ስሙን አሳወቀለት፤ በ1840 ዓ. ም. የለንደን ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በ1841 ዓ. ም. ደግሞ ሎንደን ኢንስቲትዩሽን በሚባለው የትምህርት ማኅበር መምህር ሆኖ ተሾመ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ውሃ በኤሌክትሪክ እንደሚለያይ በእንግሊዝ አገር ከ1800 ዓ. ም. ጀምሮ የታወቀ ነበረ። ግሮቭ ግን ነገሩን ከኋላው ወደ ፊት አዙሮ አየው። ኤሌክትሪክ ውሃን የሚለያይ ከሆነ፥ የውሃ ክፍሎች ሲገናኙ ኤሌክትሪክ የማይሰጡበት ምክንያት ምንድር ነው ብሎ አሰበ። አስቦም አልቀረም። በሁለት የመስታወት ቱቦዎች ውስጥ የፕላቲን ቅጠል አስገብቶ፥ አፋቸውን ወደ ታች ደፍቶ ውሃ በተቀላቀለበት ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ አቆማቸው፤ አንዱን በሃይድሮጂን፥ ሁለተኛውን በኦክሲጂን ሞላ። ሁለቱን ፕላቲኖች በሽቦ ባገናኛቸው ጊዜ የመለኪያው መርፌ ተንቀሳቀሰ፤ ጋዞቹም እየተበሉ በየቱቦው ውስጥ ፈሳሹ ወደ ላይ ወጣ። ሃይድሮጂኑ የጐደለው ከኦክሲጂኑ እጥፍ ነበረ፤ ይህም ልክ ውሃ የተሠራበት መጠን ነው። ምንም እሳት ሳይነድ፥ ምንም መንኰራኵር ሳይዞር፥ ሁለቱ ጋዞች ውሃ ሆነው ኤሌክትሪክ ሰጡ።

የአንዱ ቱቦ ጥንድ ኃይል ግን እጅግ ትንሽ ነበረ። ግሮቭ ሥራው የሚሠራው ጋዙና ፈሳሹ ከብረቱ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ብቻ መሆኑን ተረድቶ፥ ፕላቲኑን በደቀቀ ፕላቲን በመሸፈን የመገናኛውን ስፋት አበዛ፤ ጥንዶቹንም እርስ በርስ አያያዘ። በ1842 ዓ. ም. 50 ጥንዶችን ባገናኘ ጊዜ እጅ ለእጅ የተያያዙ አምስት ሰዎች ንዝረቱ ተሰማቸው፤ በቀትር ብርሃን የሚታይ የእሳት ፍንጣቂም ወጣ። ከሁሉም የሚያስደንቀው በ26 ጥንዶች ኃይል ሌላ ውሃ መለያየቱ ነው። ውሃ በመሆን ላይ ያሉት ጋዞች በሌላ ዕቃ ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ጋዝ መለሱት። ይህን ዕቃ ግሮቭ የጋዝ ባትሪ አለው፤ ዛሬ ዓለም ፊውል ሴል ይለዋል። ከተራ ባትሪ የሚለየው ጋዙ እስከ ቀረበለት ድረስ ኃይል መስጠቱን ባለማቋረጡ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እውነት ብለን የሌላውን ሰው ድርሻ መናገር ይገባናል። በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ያስተምር የነበረው ክርስቲያን ሾንባይን ከእነዚህ ጋዞች ኤሌክትሪክ እንደሚገኝ በ1839 ዓ. ም. መጀመሪያ ላይ ከግሮቭ በጥቂት ሳምንት ቀድሞ ጽፎ ነበረ። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ሊቃውንትን አጣልቷል። እነዚህ ሁለቱ ግን ሳይጣሉ ወዳጆች ሆነው ለብዙ ዓመታት ደብዳቤ ተጻጻፉ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚለው የአገራችን ተረት በእነርሱ ላይ ተፈጽሟል።

ግሮቭ በ1846 ዓ. ም. የተፈጥሮ ኃይሎች ስላላቸው ዝምድና አንድ መጽሐፍ አወጣ። በመጽሐፉም ሙቀት፥ ብርሃን፥ ኤሌክትሪክ፥ ማግኔት፥ የኬሚካል ኃይልና እንቅስቃሴ አንዱ ወደ ሌላው የሚለወጡ መሆናቸውን አስረዳ። ዛሬ እኛ ኃይል አይፈጠርም፥ አይጠፋም፥ መልኩን ብቻ ይለውጣል ብለን በቃላችን የምንማረውን ሕግ በዚያ ዘመን ወደ ብርሃን ካወጡት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበረ። በ1847 ዓ. ም. ሮያል ሶሳይቲ ሜዳልያ ሸለመው። በዚያው ዓመት የማኅበሩ ደንብ ሲሻሻል፥ አባልነት በዘርና በሀብት ሳይሆን በሳይንስ ሥራ እንዲሆን ከታገሉት መካከል ግሮቭ ዋነኛው ነበረ።

ይሁን እንጂ ሳይንስ በዚያ ዘመን ቤተሰብ የሚያስተዳድር እንጀራ አልነበረም። ልጆቹ እየበዙ ወጪውም እየጨመረ በሄደ ጊዜ ግሮቭ በ1846 ዓ. ም. የመምህርነቱን ሥራ ትቶ ወደ ጥብቅናው ተመለሰ። በ1853 ዓ. ም. የንግሥቲቱ ጠበቃ የሚለውን ማዕረግ አገኘ። በ1856 ዓ. ም. ወዳጁን በመርዝ ገድሏል ተብሎ የተከሰሰውን ዊልያም ፓልመር የተባለውን ሐኪም ከተከላከሉት ጠበቆች አንዱ ሆነ፤ ፓልመር ግን ተፈርዶበት ተሰቀለ። ሁለት ወዶ አይሆንም ይባላል፤ ግሮቭ ግን ሁለቱንም እንደ ወደደ ኖረ። በ1866 ዓ. ም. የእንግሊዝ ሊቃውንት የሚሰበሰቡበት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1871 ዓ. ም. ዳኛ ሆኖ ተሾመ፤ በሚከተለውም ዓመት ሰር ተባለ። በ1887 ዓ. ም. ከዳኝነቱ በጡረታ ተሰናብቶ እንደገና ወደ ሳይንስ ጥናቱ ተመለሰ። በኦገስት 1 ቀን 1896 ዓ. ም. በ85 ዓመቱ በለንደን አረፈ።

ሲያርፍ የጋዝ ባትሪው ገና ለማንም መብራት አላበራም ነበር። የድንጋይ ከሰል ርካሽ ነበረ፤ በእንፋሎት የሚዞረው ዲናሞም ከ1860ዎቹ ዓመታት በኋላ ብዙ ኤሌክትሪክ በጥቂት ወጪ ይሰጥ ጀመር። ፕላቲን ግን እጅግ ውድ ነው፤ ሃይድሮጂንም እንደ ከሰል ከመሬት ተቆፍሮ አይገኝም ነበር። በ1889 ዓ. ም. ሉድቪግ ሞንድና ካርል ላንገር የተባሉ ሁለት ሰዎች ባትሪውን ሊያሻሽሉ ደክመው፥ የፕላቲኑ ዋጋ አስቸገራቸው። ብዙ ሰዎችም ነገሩን እንደ መጫወቻ ቈጠሩት።

ነገር ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ፍራንሲስ ቶማስ ቤከን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1932 ዓ. ም. ሥራውን ጀምሮ፥ በፕላቲን ፈንታ ኒኬልን፥ በአሲድ ፈንታ ፖታሽን አድርጎ፥ ከ27 ዓመት ድካም በኋላ በ1959 ዓ. ም. 5 ኪሎዋት የሚሰጥ መሣሪያ በካምብሪጅ አሳየ። ከዚህ የተገኘው ፊውል ሴል በ1969 ዓ. ም. ሰዎችን ወደ ጨረቃ ባደረሰችው መርከብ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሰጠ፤ ተጓዦቹም ከእርሱ የወጣውን ውሃ ጠጡ። ግሮቭ ካረፈ ያን ጊዜ 73 ዓመት ሆኖት ነበረ።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ከጨረቃ ወደ ሰው ቤት ወርዷል። በጃፓን አገር ከ2009 ዓ. ም. ጀምሮ ለቤት የሚሆን ፊውል ሴል ይሸጣል፤ ከ400,000 በላይ ተተክሏል። መሣሪያው ቁም ሣጥን የሚያህል ሲሆን ከቤቱ ውጭ ይቆማል። በቧንቧ ከሚመጣው የከተማ ጋዝ ሃይድሮጂኑን ለይቶ፥ ከአየር ኦክሲጂን ጋር አገናኝቶ፥ እስከ 1 ኪሎዋት የሚደርስ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። በዚያን ጊዜ የሚወጣው ሙቀት ውሃ አሙቆ በጋን ውስጥ ያኖራል፤ ቤተሰቡም ይታጠብበታል፥ ወለሉንም ያሞቅበታል። ሩቅ ባለ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ወደ አየርና ወደ ወንዝ ሲጣል፥ እዚህ ግን አይባክንም። ጉድለት የለውም ብለን ግን አንዋሽም፤ ዋጋው ውድ ነው፤ ከጋዙም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ይህንን ለማስተካከል ዛሬም ብዙ ሊቃውንት ይደክማሉ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድር ነው? እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ከመካከላችን አንዳንዱ የሚወደውን ትምህርት ይቀጥላል፤ ሌላው ለቤተሰቡ እንጀራ ሲል ያልመረጠውን ሥራ ይይዛል። ግሮቭ በኑሮ ግዴታ መምህርነቱን ቢተውም የማወቅ ፍቅሩን አልተወም። የሥራውንም ፍሬ በዓይኑ አላየም፤ እርሱ ዘራ፥ ቤከን አረመ፥ ዛሬ ሌሎች ያጭዳሉ። ወላጆቻችንና መምህሮቻችንም በእኛ ላይ የደከሙት ድካም እንዲሁ ፍሬው ዛሬ የማይታይ ሊሆን ይችላል።

ይህን ታሪክ ካነበብን በኋላ መምህራችንን አስፈቅደን ወደ ኬሚስትሪው ክፍል ተመለስን። ውሃውን እንደ ቀድሞው ለያየን፤ ከዚያም ባትሪውን ፈትተን በምትኩ መለኪያውን በሽቦ አገናኘን። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ተመለከትን። መርፌው ተንቀሳቀሰ። ጥቂት ቆይቶም ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ በዚያን ዕለት ግን ደብተራችንን ዘግተን ለመውጣት የቸኰለ ማንም አልነበረም።